“ከሰኞ ጀምሮ…”፦ ያቀድነውን ለምን አናደርገውም?

ቤቴ ውስጥ አንድ መሳቢያ አለ። ውስጡ ስድስት ደብተር ተቀምጧል። ሁሉም የመስከረም ደብተሮች ናቸው። የእያንዳንዱ የመጀመሪያ ገጽ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ስፖርት እሠራለሁ። በወር ሁለት መጽሐፍ አነባለሁ። ገንዘብ አጠራቅማለሁ። እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጽሑፉ እየሳሳ ይሄዳል። ከስድስተኛው ገጽ በኋላ ደብተሩ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ የአስቤዛ መጻፊያ ሆኗል፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ።

ለብዙ ጊዜ እነዚህን ደብተሮች የስንፍናዬ ማስረጃ አድርጌ ነበር የማያቸው። “ወኔ የለኝም” እል ነበር። ስለ ጉዳዩ የተጠኑ ነገሮችን ማንበብ ስጀምር ግን ጥያቄውን ራሱ አጣምሜ እንደያዝኩት ገባኝ። መስከረም 1 ጠዋት የነበረኝ ወኔ ለአንድ ሰፈር ይበቃ ነበር። የጎደለኝ ሌላ ነገር ነው።

“ተነሳሽነት” የሚለው ቃልም ትንሽ ያሳስታል። አንድ ኃይል ከውስጥ መጥቶ እንደሚያስነሳን አድርገን እንድናስብ ያደርገናል። ስለዚህ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ሙዱ ሲመጣ እናነባለን፣ ሙዱ ሲመጣ እንሮጣለን። ሙዱ ደግሞ ቀጠሮ የማያከብር እንግዳ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መስከረም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሄንግቼን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ሰዎች ጂም የሚሄዱት መቼ ነው? ስለ ዳይት ጎግል ላይ የሚፈልጉትስ መቼ? ሳምንቱ ሲጀምር፣ ወሩ ሲገባ፣ ዓመቱ ሲለወጥ ቁጥሩ ይጨምራል። ይህን “የአዲስ ጅማሮ ውጤት” ብለውታል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀኑ ሲለወጥ ጥፋቱን ሁሉ ለአምናው ሰውዬ እናስረክባለን። ያ ሰነፍ እሱ ነበር፣ እኔ አዲስ ነኝ። ለዚህ ነው “ከሐሙስ ጀምሮ” የሚል ሰው የማይገኘው። ሁሌም ከሰኞ ነው። እኛ ደግሞ ከሌላው ዓለም የተሻለ ዕድል አለን፤ መስከረም ላይ ያልሆነልን በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እንደገና እንሞክራለን።

አዲስነት ግን ቶሎ ያረጃል። ጆን ኖርክሮስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአዲስ ዓመት ቃል የገቡ 200 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ 77 በመቶዎቹ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀሩት 19 በመቶ ናቸው። እኔ በበኩሌ 19 መቅረቱም ገርሞኛል።

ሕልሙ ሲያጠግብ

ደብተሩን በምሞላበት ሰዓት ደስ የሚል ስሜት ይሰማኛል። ሰውነቴ ሲቀልል፣ እንግሊዝኛው ሲንቆረቆር፣ ባንክ ያለው ብር ሲጨምር ይታየኛል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ገብሪኤሌ ኦቲንገን ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ሊቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 ከአንድ የሥራ ባልደረባዋ ጋር ያወጣችው ጥናት ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ 25 ሴቶችን የተመለከተ ነው። ሁለት ነገር ለይታ ጠየቀቻቸው። አንደኛው፣ ይሳካልኛል ብለሽ ታምኛለሽ ወይ? ሁለተኛው፣ የቀን ሕልምሽ ምን ይመስላል? ከዓመት በኋላ ሲታይ፣ ይሳካልኛል ብለው ያመኑት ከሌሎቹ የበለጠ ቀንሰዋል። የቀን ሕልማቸው በጣም ያማረው ግን 11 ኪሎ ያህል ያነሰ ነው የቀነሱት። ኋላ ላይ ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችንም አጠናች። አሪፍ ሥራ ሲያገኙ አዘውትረው የሚያልሙት ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኙት የሥራ ዕድልም ደመወዝም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ምን ሆኖ ነው? ኦቲንገን የሰዎቹን የደም ግፊትም ለክታ ነበር። የሚመኙትን ነገር እንዳገኙት አድርገው ሲያስቡ ግፊታቸው ይወርዳል። ሰውነቱ ዘና ይላል። ሥራው የተሠራ ያህል ይረካል። ለመሮጥ የሚያስፈልገው ጉልበት መንገዱ ሳይጀመር ተመለሰ ማለት ነው።

ማመንና ማለም እንደሚለያዩ ልብ በሉ። እምነቱ ባለፈው ሥራችን ላይ የቆመ ነው። ከዚህ በፊት ሞክሬ ትንሽ ሄዶልኛል፣ አሁንም ይሄዳል። ሕልሙ ግን ምንም ላይ አልቆመም። ስለዚህ ኦቲንገን የምትመክረው ሕልሙን ተው ብላ አይደለም። ሕልሙን አስቡ፣ ወዲያው ደግሞ የሚያሰናክላችሁን ነገር አስቡ ነው የምትለው። እኔን ከንባብ የሚያስቀረኝ ምንድን ነው? ጊዜ ማጣት ነው እል ነበር። በሐቅ ሳስበው ግን ስልኬ ነው። ከራት በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ቲክቶክ ስከፍት ነው ነገሩ የሚያበቃው። ይህን የመሰለ ትንሽና የሚያሳፍር መልስ ካልተገኘ እንቅፋቱ ገና አልተገኘም።

“አለብኝ” እና “ስ”

አሁን ከሁሉም በላይ የገረመኝን ጥናት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ አገር ውስጥ 248 ተማሪዎች ለሦስት ተከፈሉ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ጠንከር ያለ ስፖርት ትሠራላችሁ? የመጀመሪያው ቡድን ምንም የተለየ ነገር አልተደረገለትም። 38 በመቶዎቹ ሠሩ። ሁለተኛው ቡድን ስፖርት ለልብ ስላለው ጥቅም የሚያነቃቃ ጽሑፍ አነበበ። በዚህ ቡድን ውስጥ “እሠራለሁ” የማለቱ ፍላጎት ጨመረ። የሠሩት ግን 35 በመቶ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ቡድን ያንኑ ጽሑፍ አነበበና አንድ ተጨማሪ ነገር ተጠየቀ፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደምትሠሩ ጻፉ። 91 በመቶ ሠሩ።

ሁለተኛውን ቡድን እንደገና እዩት። አነቃቂ ንግግር ሰምተን ከአዳራሽ ስንወጣ እኛ እሱን ነን። ስሜቱ እውነት ነው፣ ማንም አላታለለንም። ፍላጎታችን ከፍ ብሏል። ማክሰኞ ማታ ግን ያ ፍላጎት የት ገብቶ ምን እንደሚሠራ የነገረው የለም።

የዚህ ሐሳብ ባለቤት ፒተር ጎልዊትዘር ነው። (የኦቲንገን ባል ነው። በዚያ ቤት ስለ ዕቅድ ሲወራ ምን እንደሚመስል ማየት ነበር!) ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1997 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት ለተማሪዎች አንድ ሥራ ሰጠ። የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፋችሁ ጽፋችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ላኩ። በበዓል ቀን ይህን ማን ይሠራል? ዝም ብለው “እሺ” ካሉት 32 በመቶ ላኩ። መቼና የት ሆነው እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት 71 በመቶ።

ዘዴው የሚሠራው ለምንድን ነው? ውሳኔው አስቀድሞ ስላለቀ ነው። “ማንበብ አለብኝ” ስንል በየሰዓቱ አዲስ ክርክር እንከፍታለን። አሁን ላንብብ? ከዜና በኋላ? ነገ? በዚህ ክርክር ሁሌም የሚያሸንፈው ሶፋው ነው። ጊዜውንና ቦታውን አስቀድመን ስናስር ግን ክርክሩ አንዴ፣ ያውም አእምሯችን ረጋ ባለበት ሰዓት አልቋል። ያሰርነው ነገር ሲመጣ፣ ለምሳሌ የቡናው ስኒ ባዶ ሲሆን፣ ቀጣዩ ሥራ ራሱ ብቅ ይላል።

ፈረንጆቹ ይህን “እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ” በሚል ረጅም ቀመር ነው የሚያስተምሩት። እኛ በአንዲት ፊደል እንገላገለዋለን፤ “ስ”። ስነሳ። ስጨርስ። ከታክሲ ስወርድ። ራት በልቼ ስነሳ ስልኬን ኩሽና ቻርጅ ላይ ሰክቼ መጽሐፉን እይዛለሁ። ደሞዝ ሲገባልኝ፣ ከባንኩ በር ሳልወጣ፣ 1,000 ብር አዛውራለሁ። ደብተሮቼን ገልብጬ አየኋቸው። “አለብኝ” እና “እፈልጋለሁ” በሽ ነው። “ስ” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። ስድስት ዓመት፣ አንድም።

ሰዓት ስትመርጡ ግን ለራሳችሁ አትራሩ። ሰው ስለ ራሱ ሥራ ሲገምት ሁሌም ቸር ነው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1979 “የዕቅድ ስህተት” ብለው ሰየሙት። በኋላ ካናዳ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። ሁሉ ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። አዲስ አበባ ቤት ያሠራ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም።

ራስን ስለማመን፣ ወይም ስላለማመን

“ቁርጠኝነት ነው ዋናው” የሚሉ ሰዎች አሉ። ለዓመታት ሳይንሱም ከእነሱ ጋር ነበር። ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1998 የተራቡ ተማሪዎችን ትኩስ ብስኩት በሚሸትበት ክፍል አስቀምጦ ገሚሶቹን ፍጅል ብቻ ብሉ አላቸው። ከዚያ መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ሰጣቸው። ብስኩት የበሉት 19 ደቂቃ ያህል ታገሉ። ፍጅል የበሉት 8 ደቂቃ። ቁርጠኝነት እንደ ባትሪ ያልቃል ተባለ፤ ሐሳቡም ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን 23 ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ ይህንኑ ሐሳብ በሌላ ፈተና ሞከሩት። ውጤቱ ከዜሮ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም፤ ባትሪው ግን እንደ ድሮው አይታመንም።

የበለጠ አሳማኝ የሆነልኝ ሌላው ግኝት ነው። ጀርመን ውስጥ 205 ሰዎች ለአንድ ሳምንት በቀን ብዙ ጊዜ “አሁን ምን አማረህ? ታገልከው?” እየተባሉ ተጠየቁ። ራሳቸውን በመግዛት የሚታወቁት ሰዎች ፈተናን በመታገል ጀግና ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል። የተገኘው ሌላ ነው። የገጠማቸው ፈተና ራሱ ያነሰ ነበር። ኬኩ ቤታቸው የለም። መንገዳቸው በዚያ ሰፈር አያልፍም።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ዕቁብ ነው። አንድ ዘመዴን “ባንክ ብታስቀምጠው ወለድ ታገኝ የለም እንዴ? ዕቁብ ምን ያደርግልሃል?” ብዬው ነበር። “የባንኩማ ካርድ ኪሴ ውስጥ ነው” አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ሰውየው ራሱን ያውቃል። የዛሬው እሱ የነገውን እሱን አያምነውም፣ ስለዚህ እጁን ለሰው አሳሰረ። ዳኛው ይደውላል። ዋስ የሆነው ጓደኛው ያፍርበታል። ዕጣ ቀድሞ ቢደርሰው እንኳ የሌሎቹን እስኪጨርስ ይጥላል። ወለድ የለውም። የሚገዛው ነገር ወለድ አይደለማ፤ ማምለጫ ማጣትን ነው።

ፊሊፒንስ ውስጥ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነገር ለአጫሾች ሞክረዋል። አጫሹ ባንክ ገንዘብ ያስቀምጣል። ከስድስት ወር በኋላ በሽንት ምርመራ ካለፈ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ካላለፈ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ዕድሉ ከተሰጣቸው ሰዎች የተቀበሉት 11 በመቶ ብቻ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ዕድሉን ያገኘው ቡድን ምርመራውን የማለፍ ዕድሉ ካላገኘው በ3 በመቶ ነጥብ በለጠ። ትንሽ ይመስላል። ሲጋራ ለማቆም የሞከረ ሰው ግን ትንሽ አይለውም።

“አንደኛ ከወጣህ ሳይክል”

ስለ ሽልማት ሳናወራ አንለፍ። ብዙዎቻችን ያደግነው “አንደኛ ከወጣህ ሳይክል እገዛልሃለሁ” እየተባልን ነው። ሳይክሉ አንዳንዴ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይረሳል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለው መዋዕለ ሕፃናት በማርከር መሳል የሚወዱ ልጆችን መረጡ። አንዱን ቡድን “ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ” አሉት። ሌላውን ምንም ሳይሉት ከሳለ በኋላ በድንገት ሸለሙት። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሮቹ ተመልሰው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ሲስሉ ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። በድንገት የተሸለሙት ግን ምንም አልሆኑም። ጨዋታው ለመጀመሪያዎቹ ሥራ ሆነባቸው። ክፍያ የሌለው ሥራ ደግሞ ማን ይሠራል?

ኤድዋርድ ዴሲ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1971 ተመሳሳይ ነገር በወጣቶችና በእንቆቅልሽ አሳይቶ ነበር። ከሪቻርድ ራያን ጋር ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ሠርቶበታል። ሰው በአንድ ነገር እንዲቀጥል ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፦ ምርጫው የራሱ መሆኑ፣ እየቻለው መሄዱ፣ አጠገቡ ሰው መኖሩ። ከራሱ የማይጥም ሥራ ከሆነ ሽልማት እምብዛም አይጎዳም፤ ሸክም ለሚያራግፍ ሰው ገንዘቡ ነው ቁም ነገሩ። ልጁ በራሱ ጊዜ መጽሐፍ ስላነበበ ብር መስጠት ነው የሚያሰጋው።

“ምርጫው የራሱ” የሚለው እኛ ቤት ትንሽ ያወዛግባል። ስንቱ ሰው ነው ዶክተር መሆን የፈለገው ራሱ፣ ስንቱ ነው እናቱ? ግቡ ከሰው መምጣቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። እናቱ የጀመረችው ሕልም የልጁ የራሱ ሊሆን ይችላል። የማይሆንበትን ሰው ለመለየት ግን ቀላል ጥያቄ አለ፤ ማንም ባያይህ፣ ለማንም ባትናገረው፣ ትቀጥልበት ነበር?

አጠገብ ሰው ስለመኖሩ ግን አንድ የአገራችን ታሪክ አለ። ምዕራብ ሐረርጌ፣ ዶባ ወረዳ። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ በ64 መንደሮች ባደረጉት ጥናት ለአንዳንድ ገበሬዎች በድምሩ አንድ ሰዓት የሚሆኑ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ። ባለታሪኮቹ ከተመልካቾቹ ጋር ተመሳሳይ ኑሮ የነበራቸው፣ በእርሻ ወይም በአነስተኛ ንግድ የተለወጡ ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ ለመዝናኛ የተሠራ ዝግጅት አዩ። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት የበለጠ ቆጥበዋል፣ ልጆቻቸውን ለማስተማር የበለጠ አውጥተዋል። ከአምስት ዓመት በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም።

ታዲያ የአንድ ሰዓት ፊልም ይህን ከሠራ አነቃቂ ተናጋሪዎቹን ምን አስወቀሳቸው? የሚለያቸው ባለታሪኩ ይመስለኛል። ዶባ ላይ የታየው ቢሊየነር አይደለም። ተመልካቹ “ይሄማ እንደ እኔው ነው” ሊለው የሚችል ሰው ነው፣ መንገዱንም በገዛ አፉ ይናገራል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ፊልም ዘርና ማዳበሪያ አይሆንም። ድህነትን በሥነ ልቦና ብቻ የሚያብራራ ሰው ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ።

ሲበላሽ

“በ21 ቀን ልማድ ይሆናል” ሲባል ሰምታችኋል። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ይህን ለኩት። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትንሽ ነገር መረጠ፣ ለምሳሌ ምሳ ሲበላ ውሃ መጠጣት። (እዚህም “ሲ” አለች።) ነገሩ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው የመካከለኛው ሰው ጊዜ 66 ቀን ነው። በስሌታቸው አጭሩ 18፣ ረጅሙ 254 ቀን ሆነ። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ይህን ያህል አልጎዳውም።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ቀደም ብዬ ባውቃት ኖሮ ስድስቱ ደብተሮች ሦስት ይሆኑ ነበር። ምክንያቱም ሥራውን የሚገድለው የተዘለለው ቀን አይደለም፤ ማግስቱ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ የሠሩት ፒተር ኸርማንና ጃኔት ፖሊቪ ዳይት ላይ ያሉ ሰዎችን ሲያጠኑ ያገኙት ይህንን ነው። ሚልክሼክ የጠጣ ሰው ከዚያ በኋላ የሚቀርብለትን አይስክሬም ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። ዳይት ላይ ያሉት ግን ሚልክሼክ ሲጠጡ አይስክሬሙን ጨመሩበት። ከተበላሸ ተበላሸ! የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብለን ቀሪውን ገንቦ የምንደፋበት አመል ነው። ከዚያ ምን እንላለን? ከሰኞ ጀምሮ።

ዘንድሮ ሰባተኛ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ። “ማታ በሩን ስቆልፍ የስፖርት ጫማዬን መውጫው ላይ አስቀምጣለሁ።” ስለ መሮጥ የተጻፈ ነገር የለም። ጠዋት ስወጣ ጫማው መንገዱን ዘግቶ ይጠብቀኛል። ጥቅምት ውስጥ አራት ቀን አምልጦኛል፤ አንዱን ዝናብ፣ አንዱን ለቅሶ፣ ሁለቱን ያው እኔ ነኝ። ስድስተኛውን ገጽ አልፌዋለሁ። የአስቤዛውን ዝርዝር ስልኬ ላይ ነው የምጽፈው።